ሸክላ ያልያዛቸው ተቀባዮች

የግራማፎን ዲስክ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ሕዝቡ «ሸክላ» የሚል ስም አወጣለት። የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ከሚሠሩባቸው ነገሮች ዋነኛው ከነፍሳት የሚገኝ ሸላክ የተባለ ሙጫ ነበረ። የሁለቱ ስሞች መመሳሰል አጋጣሚ ይሁን አይሁን ስያሜው አልተሳሳተም፤ ዲስኩ ከእጅ ሲያመልጥ እንደ ገንቦ ይሰባበር ነበርና።

የእነዚያን ዘመናት የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዛሬ መልሶ ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በወሊሶ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። መሪ አለ፤ ተቀባይም አለ። ተቀባይ የሌለው መሪ እንደ ዘፋኝ ሳይሆን ብቻውን እንደሚናገር ሰው ይቆጠራል። ሸክላው ግን አብዝቶ የያዘው የመሪውን ድምፅ ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተጠጋግተው ቆመው ድምፃቸውን እያስማሙ የሚዘፍኑት ዘፈን በሸክላ ገበያ ላይ የሠለጠነ ነበር። እዚያ የብዙ ሰው ድምፅ ወደ ሸክላው ሲገባ፣ ዘፈኑ ከጥንት ጀምሮ የብዙ ሰው በሆነበት አገር ሸክላው የአንድ ሰው ሆኖ የቀረው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከፊሉ ከማሽኑ ጠባይ፣ ከፊሉ ከቅኝቱ ጠባይ፣ ከፊሉም ከመንግሥት ትእዛዝ የተገኘ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሁለት መንገዶች ይወጣሉ። አንደኛው በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደር አልፎ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። ሁለተኛው በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይገባና ወደ ጅማ ይቀጥላል። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር። ወሊሶ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ብትሆንም ዞኑ ከመከፈሉ በፊት ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጋር የምትቈጠር ነበረች። በመሆኑም ስለ ምዕራብ ሸዋ ዘፈን የሚጻፍ ታሪክ ወሊሶን ቢተው ዋናውን ሰው ይተዋል።

በዚህ አገር የኦሮሞ ሕዝብ አዘፋፈን ብዙ መልክ አለው። ጌረርሳ የአንድ ወንድ ድምፅ ነው፤ ዘፋኙ ገድሉን፣ ቁጭቱን፣ የወገኑን ታሪክ በረጅም ትንፋሽ ያወርደዋል፤ በዙሪያው ያሉት ግን ዝም ብለው አይሰሙትም፤ በማበረታቻ ድምፅ ይደግፉታል። ዲቺሳ ላይ ወጣቶች ተሰልፈው መሬት እየደለቁ ሲዘሉ መሪው አንድ ሐረግ ይወረውራል፤ ሰልፉ በሙሉ ያንን ሐረግ ይመልስለታል። በሠርግ ጊዜ ደግሞ የሙሽራዋ ወገንና የሙሽራው ወገን ሴቶች ጎራ ለይተው በግጥም ይመላለሳሉ። በደቦም እንደዚሁ ነው፤ ዘፈኑ ሥራውን ይመራል፤ ሥራውም ዘፈኑን ይለካል። በእነዚህ ሁሉ ተቀባዩ ያንኑ ዜማ በአንድነት ይቀበላል፤ ሴቶችና ወንዶች አብረው ሲያዜሙ ልዩነቱ የድምፅ ከፍታ እንጂ የዜማ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያኒቱም ብትሆን ከዚህ አትርቅም። በማኅሌት የቀኝና የግራ ወገን ሊቃውንት ይመላለሳሉ፤ የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ የሚለው ማዕርግም ከዚህ የመጣ ነው። ዜማው ግን አንድ ነው። ድምፅን ከድምፅ ለይቶ በአንድ ጊዜ የማስሄድ ጥበብ በኢትዮጵያ የለም ማለት አይደለም። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች እያንዳንዱ ወገን የራሱን የድምፅ ክፍል ይዞ የሚገጥምበት፣ የውጭ አገር የሙዚቃ ተመራማሪዎችን ያስደነቀ የአዘፋፈን ሥርዓት አላቸው። ይሁን እንጂ ይህ የጋሞ ሀብት እንጂ የምዕራብ ሸዋ አልነበረም።

ወደ ሸክላው ስንመለስ፣ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሸክላ ያስቀረጹት ተሰማ እሸቴ ናቸው። ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ነበር። በርሊን ሳሉ ድምፃቸውንና መሰንቋቸውን በአያሌ ሸክላዎች ላይ አስቀረጹ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው ነጋድራስ ተባሉ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትርነት ደረሱ። አዝማሪነትን እንደ ዝቅተኛ ሥራ በሚቈጥር ኅብረተሰብ ውስጥ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሸክላ የሞላው ሰው ሚኒስትር መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በዚያን ጊዜ የቀረጻው አሠራር እንደሚከተለው ነበር። ማይክሮፎን የሚባል ነገር በስቱዲዮ አልነበረም። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ መለከት አፍ ፊት ቆሞ ይጮኻል፤ የድምፁ ግፊት በመለከቱ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኗም መርፌ ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌዋ በሰም ላይ ትጭራለች። ለመለከቱ የቀረበ ድምፅ ይያዛል፤ የራቀ ድምፅ ግን ይጠፋል። ሃያ ተቀባዮች በአንድ መለከት አፍ ፊት መሰብሰብ አይችሉም፤ ቢሰበሰቡም ድምፃቸው ተደባልቆ የማይለይ ጫጫታ ይሆናል። የአንድ ሸክላ ገጽ የሚፈጀው ጊዜም ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ ብዙ አይበልጥም ነበር። ሠርግ ላይ መሪውና ተቀባዩ እስኪግባቡ፣ ግጥሙም እስኪሟሟቅ ድረስ ብቻ ይህን ያህል ጊዜ ያልፋል። እንግዲህ ማሽኑ ገና ከመነሻው መሪን የሚመርጥ፣ ተቀባይን የሚያስወጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ቀረጻ በሥራ ላይ ሲውል ሁኔታው ተለወጠ። ማይክሮፎኑ ሹክሹክታን እንኳ የሚሰማ ስለ ነበር ዘፋኝ መጮኽ አላስፈለገውም። ተቀራራቢ ኅብረ ድምፅ የሚባለው የአዘፋፈን ስልት በሸክላ ላይ የተደላደለው ከዚህ ወዲህ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ያወጡታል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ልዩ ልዩ ድምፅ ይይዛሉ፤ ድምፆቹም እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ስለሆኑ ለሰሚው እንደ አንድ ሰፊ ድምፅ ይሰማሉ። ይህ ስልት በሜዳ ላይ ቢሞከር ነፋስ ይበትነዋል፤ በማይክሮፎን ፊት ግን እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው።

ከዚህ ስልት ባለቤቶች መካከል ከኦሃዮ የወጡት አራቱ የሚልስ ወንድማማቾች ይገኙበታል። እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ከአንዲት ጊታር በቀር መሣሪያ ሳይዙ ትሩምፔቱን፣ ቱባውንና ትሮምቦኑን በአፋቸው ያስመስሉ ነበር፤ አድማጭ እንዳይጠራጠርም በሸክላቸው ላይ ከጊታር ሌላ መሣሪያ እንደሌለ ይጻፍ ነበር። በኒው ኦርሊንስ ያደጉት ሦስቱ የቦዝዌል እኅትማማቾች ደግሞ በዘፈን መካከል ፍጥነቱንና ዜማውን እየለዋወጡ አድማጭን ያስደንቁ ነበር። በበርሊን ከተማ፣ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን ካስቀረጹ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሃሪ ፍሮመርማን የተባለ ወጣት በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ዘፋኞችን ሰበሰበ፤ አምስት ዘፋኞችና አንድ ፒያኖ ተጫዋች የነበሩበት «ኮሜዲያን ሃርሞኒስትስ» ከዚህ ተወለደ። ከአባሎቹ ሦስቱ አይሁድ በመሆናቸው የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 አገዳቸው። በዚያው ዓመት የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ወረረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ከዓለም ሙዚቃ ጨርሳ ተለይታ አልነበረችም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾች በኅብረት የተጻፈ ሙዚቃን በከተማዪቱ አዘወተሩ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ የደረሱለትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠሩትም ኬቮርክ ናቸው።

ከዚህ ያነሰ የሚታወቀው ደግሞ የአርኖልድ ፎርድ ታሪክ ነው። ፎርድ በ1877 እ.ኤ.አ. በባርቤዶስ ደሴት ተወልደው በኒው ዮርክ የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። የማኅበሩ መዝሙር ኢትዮጵያን በስም ጠርቶ የሚያወድስ ሲሆን ከደራሲዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የጃዝ ሙዚቃ በገነነበት በሃርለም መዘምራንን ሲያሠለጥኑ የኖሩት እኒህ ሰው በንግሥ በዓሉ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በአዲስ አበባም በሙዚቃ ሥራ ሲተዳደሩ ቆይተው በ1935 እዚያው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በኋላ ዘመን የልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤትን ያቋቋሙ ናቸው። የፎርድ ዕድሜ ቢረዝም፣ ጦርነቱም ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ታሪክ ግን በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ብዙ አይቆይም።

የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት ነው። ዓላማው ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት መቀስቀስ ነበረ። ከድል በኋላ እንደገና ሲደራጅ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዙ፣ የሚዘፍኑም የሚጨፍሩም ወንዶችና ሴቶችን አሰባሰበ። እዚህ መድረክ ላይ ተቀባይ አልጠፋም፤ እንዲያውም ሰልፍ ሠርቶ ይቆም ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ ማኅበሩ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ይወጣ ነበር።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ወሊሶ አደረሰው። ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በ14 ዓመቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት አስገቡት። ልጁ ከትምህርት ይልቅ ዘፈን ይወድ ነበር፤ አያቱ ይህን አልወደዱለትም። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የነበሩት ሱዳናዊው ሼዳድ ግን አበረታቱት። ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉበት የሀገር ፍቅር ቡድን በትምህርት ቤቱ ትርኢት ሊያሳይ በመጣ ጊዜ ጥላሁን ሰዎቹን ቀርቦ አነጋገረ፤ ዲሬክተሩም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ዕድሉን እንዲሞክር መከሩት። የመምህር አንድ ቃል የተማሪን ሕይወት እንዴት እንደሚያዞር ለማስተማር ሥራ ባልደረቦች መንገር አያስፈልግም።

ጥላሁን በእግሩ ተነሣ። ቱሉ ቦሎ ደርሶ ከዘመድ ቤት ሲያድር አያቱ ሰምተው አስመለሱት። ተስፋ ግን አልቈረጠም፤ ሁለተኛ ጊዜ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ሀገር ፍቅርም ተቀጠረ። ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተነሣው ከክቡር ዘበኛ በመሆኑ ከከሸፈ በኋላ እርሱም ታስሮ ነበር። እንግዲህ ወሊሶ ውስጥ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም ዘፈን የሰማው ልጅ፣ በኋላም በሁለቱም ቋንቋዎች የዘፈነው ሰው፣ የአገሪቱ ዋና ድምፅ ለመሆን የበቃው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

በዚህ ወቅት ሸክላ የት ነበረ? እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ትእዛዝ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ሆነ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም ሊባል ይችላል፤ ማኅበሩ በገቢው እንዲተዳደር፣ የአገሩም ዘፈን በነጋዴ እጅ እንዳይወድቅ ታስቦ ይሆናል። ውጤቱ ግን መልካም አልሆነም። ማኅበሩ ያወጣቸው ሸክላዎች ጥቂት ናቸው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ማውጣት አልተፈቀደለትም። በመሆኑም ከሃያ ዓመት በላይ፣ የሀገር ፍቅር ሰልፈኛ ተቀባዮች በምርጥ ጊዜያቸው በነበሩበት፣ የጦር ሠራዊቱም ሙዚቃ ክፍሎች በተመሠረቱበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ዘፈን በገበያ ሸክላ ላይ እምብዛም አልታተመም። ያ ዘፈን የተሰማው በመድረክና በራዲዮ ነው። የአምቦ ሰው ራዲዮ ባለው ቡና ቤት ተሰብስቦ ያዳምጠው ነበር፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አለቀ።

ዘፈኑን መልሶ ማጫወት የማይቻል መሆኑ የሚያስከትለውን ጉዳት አቅልሎ ማየት አይገባም። የሚልስ ወንድማማቾችን ሸክላ የገዛ ወጣት መርፌውን ደጋግሞ እየመለሰ ሦስተኛው ወንድም የያዘውን ድምፅ ለይቶ መማር ይችል ነበር። ኅብረ ድምፅ በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋው እንዲህ ባለ ቅጂና ድግግሞሽ ነው። የወሊሶ ወጣት ግን ሀገር ፍቅር ሲመጣ አንድ ምሽት ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በትውስታው ላይ ብቻ ይመካል።

ሌላው ምክንያት ከቅኝቱ የሚመነጭ ነው። ትዝታን ለምሳሌ እንውሰድ፤ በአንዱ መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የተባሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል። በአውሮፓ ሥርዓት ሁለተኛው ዘፋኝ ከመጀመሪያው በሦስተኛ ርቀት ከፍ ብሎ ይከተላል። መሪው ዶ ሲል ተከታዩ ሚ ይላል፤ ይህ መልካም ነው። መሪው ሬ ሲል ግን ተከታዩ የሚፈልገው ፋ ነው፤ ፋ ደግሞ በቅኝቱ ውስጥ የለም። መሪው ሶል ሲል የሚፈለገው ሲ ነው፤ እርሱም የለም። በመሆኑም ተከታዩ ወይ ከቅኝቱ ወጥቶ ዘፈኑን የባዕድ ያደርገዋል፤ ወይም ርቀቱን ለውጦ ወደ አራተኛው ይዘላል። ይህን በአንዲት መስመር ላይ ማድረግ ይቻላል፤ በሙሉ ዘፈን ላይ ሰሚውን ሳያደናግሩ መዝለቅ ግን የረቀቀ ችሎታ ይጠይቃል። የአንቺ ሆዬ ቅኝትማ ከዚህ የባሰ ነው፤ እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች ስላሉበት በላዩ ላይ የተደረበ ድምፅ ወዲያው ይጋጫል።

ይህን ችግር በጥሞና ያጠኑት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ናቸው። በኅዳር 1948 ዓ.ም. በንግሥ ኢዮቤልዩ በዓል በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ ክፍልና በሌሎችም ባንዶች ዘንድ ሠርተዋል፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። ኔርሰስ የኢትዮጵያን ዜማ በአውሮፓ ሕግ ከማስገደድ ይልቅ ቅኝቱ ራሱ የሚፈቅዳቸውን ስምምነቶች ይፈልጉ ነበር። በክቡር ዘበኛ ደግሞ ሳህሌ ደጋጎ ለጥላሁንና ለባልደረቦቹ ሙዚቃውን ያቀናብሩ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣው መፍትሔ ያልተጠበቀ ነው። ኅብረ ድምፁ ከዘፋኞች አፍ ወጥቶ ወደ ሳክስፎን፣ ወደ ትሩምፔትና ወደ ትሮምቦን ገባ።

የዚያን ዘመን ዘፈን በጥንቃቄ ለሚያዳምጥ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጥላሁን አንድ ሐረግ ያወጣል፤ ትንፋሽ ሲወስድ የነሐሱ ክፍል ይመልስለታል። እርሱ እንደገና ይላል፤ እነርሱ እንደገና ይቀበላሉ። ይህ የሠርጉ ሥርዓት ነው፤ የዲቺሳው ሥርዓት ነው። መሪው መሪ ሆኖ ቀርቷል፤ ተቀባዩ ግን መለዮ ለብሶ፣ ነሐስ ይዞ ተቀምጧል። የሚልስ ወንድማማቾች በአፋቸው ትሩምፔት ያስመስሉ ነበር፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ትሩምፔቱ የሰዎችን አፍ ተካ። አንዳንዶች ይህን የአሜሪካን የባንድ ሙዚቃ መቅዳት ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። ከፊል እውነት አለው፤ የመሣሪያው ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው። የምልልሱ ሥርዓት ግን ኒው ዮርክ ሳይታወቅ በፊት በሜጫ አገር የታወቀ ነበር።

የዚህ ቴአትር ታሪክ አምቦንም ይነካል። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቴአትር ቤቱ የኪነ ጥበብ ዲሬክተር ነበር። ኦሮምኛንም፣ አማርኛንም፣ ግእዝንም ያደመጠ ጆሮ ነበረው። በተውኔቶቹ ውስጥ አንድ ሰው ሲናገር ብዙ ሰው የሚመልስበት ክፍል መብዛቱ ከግሪኮች የተማረው ብቻ አይመስልም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሸክላው እንደገና በር አገኘ። የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ አመሃ እሸቴ የ1948ቱን ትእዛዝ ችላ ብሎ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኝ የፖሊስ ሠራዊቱ አለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሸክላውም በመጀመሪያ በሕንድ አገር፣ በኋላም በሊባኖስ ይታተም ነበር። እስራት ሊደርስበት እንደሚችል እያወቀ የሠራው ሥራ ነው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስም ተከተለ፤ ዓሊ ዓብደላ ካይፋም በኋላ ገባ። ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ምኒልክ ወስናቸው፣ ሂሩት በቀለ ሁሉም በሸክላ ላይ ወጡ። በዚህ ጊዜ ግን የተቀባዩ ቦታ በነሐሱ ተይዞ ነበር። በአንዳንዶቹ ሸክላዎች የባንዱ ሰዎች በአንድ ድምፅ ሲቀበሉ ይሰማሉ፤ ይህም አጃቢነት እንጂ ዋና ሥራ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄም አምስቱን ድምፆች ሳይበርዝ በሥራቸው የጃዝን ስምምነት ሲያነጥፍ የተጠቀመው በመሣሪያ ነው፤ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 አዲስ አበባ መጥቶ የሰማውም ይህንኑ ነው።

ዘመኑ አጭር ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ቤቶች ተዘጉ፤ አመሃ አገር ለቀቀ። ከ1978 እ.ኤ.አ. በኋላ ሸክላ መታተሙ ቀረ።

በአንድ ወገን ግን ኅብረ ድምፅ በሰው አፍ ውስጥ እየኖረ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከስዊድን ሚሲዮን ጋር ሆነው ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መዝሙር የአውሮፓ ዜማ ያለው፣ በአራት ድምፅ እንዲዘመር የተጻፈ ወግ ወራሽ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. በይፋ ስትቋቋም በወለጋ የነበሩ መዘምራን ይህን ልማድ ይዘው ነበር፤ የአምቦ መንገድም ከወለጋ የሚመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ደርግም በበኩሉ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን አቋቁሞ ወጣቱን በሰልፍ አዘመረ። ይህ ኅብረ ዝማሬ በአመዛኙ አንድ ዜማ በአንድነት የሚጮኽበት ነበረ። ዜማው የሰልፍ፣ ግጥሙም ከላይ የመጣ ቢሆንም ተቀባይን ወደ መድረክ መልሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሸክላን የተካው ቴፕ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥም ትልቁን ለውጥ ያመጣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። በሸክላ ዘመን ቀረጻ የአዲስ አበባ፣ የሕንድና የሊባኖስ ጉዳይ ነበረ። ቴፕ መቅረጫው ግን በትከሻ ተንጠልጥሎ ጊንጪ ይደርሳል፤ ጌዶ ይደርሳል፤ ሠርግ ቤት ገብቶ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። በአንድ ገጽ 30 ወይም 45 ደቂቃ ስለሚይዝ መሪውን ከግጥሙ መካከል አያቋርጠውም። የሚመርጠውም ሰው የለም፤ መሪውን፣ ተቀባዩን፣ እልልታውን፣ የሕፃን ልቅሶውን፣ ብርጭቆውን ሁሉ እኩል ይቀበላል።

የከተማው ገበያ ግን አሁንም የመሪው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ዐረፈ። በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ. የአምቦው ሃጫሉ ሁንዴሳ «ሰኚ ሞቲ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ አምቦ ተቀበረ። የሁለቱም ሥራ በየስማቸው ተመዝግቧል። የተሰማ እሸቴ ሸክላዎችም ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመው ማንም ሊሰማቸው ይችላል።

የሠርግ ቴፖቹ ያሉት በየሰዉ ቤት ነው። ማግኔቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይረግፋል፤ አቧራና እርጥበት ይበሉታል። ማጫወቻው ሲበላሽ ካሴቱ በሣጥን ሥር ይጣላል፤ ደኅና ማጫወቻ ያለው ቤት ደግሞ ከገበያ የገዛውን ዘፋኝ በላዩ ላይ ይቀዳበታል።